ሁለቱ ቁልፍ ያዦች

እንጀራዬ ክፉ ማሰብ ነው። ቀን ቀን አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ከዚያ በሚተርፈኝ ጊዜ ደግሞ ለትንንሽ ንግድ ቤቶች እቅድ አወጣለሁ። ኮምፒውተራቸው ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ፣ ውሃ ቢበላው፣ በማግስቱ ሥራቸውን በምን እንደሚጀምሩ፣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ የመረጃው ቅጂ የት እንዳለና ማን እንደሚከፍተው እጽፍላቸዋለሁ። አብዛኞቹ ወረቀቱን የሚፈልጉት ኢንሹራንሱ ወይም ኮንትራት የሚሰጣቸው ድርጅት አምጡ ስላላቸው ነው። በፈቃዱ የመጣ ደንበኛ አንድም አላስታውስም።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ «ሕንፃው ቢፈርስስ?» ብዬ ስጠይቅ ሰዎቹ ከላፕቶፓቸው ቀና ሳይሉ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይሉኛል። ጎረቤት ከተማ ኦክላንድ ያሉ ያገሬ ሰዎች ግን ያንኑ ጥያቄ ሲሰሙ ያማትባሉ። አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት «እሳት» የሚለው ቃል ከአፌ እንደወጣ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ክፉው እንዲወጣ ይሁን እኔ እንድወጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሁለቱም ወገኖች እኩል ያናድዱኛል። እነዚያ ምንም የሚደርስባቸው ስለማይመስላቸው አይደነግጡም፤ እኛ ደግሞ ብዙ ስለደረሰብን ስሙን ማንሳት አንፈልግም። ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ጋ ደህና ባክአፕ፣ ተቀማጭ ቅጂ የለም።

ከደንበኞቼ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ አንድ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ከአዲስ አበባ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ረጅም ጊዜ ታክሲ ነድተው በኋላ አንድ ቫን የገዙ ሰው ናቸው። በዚያች ቫን ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችን ደማቸው ወደሚታጠብበት ክሊኒክ ማመላለስ ጀመሩ። እኔ ሳውቃቸው ቫኖቹ በርክተው፣ ሾፌሮች ተቀጥረው፣ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያው አካባቢ የሴቶች ጥፍር ከሚሠራበት አንድ ጥፍር ቤት ሥር ቢሮ ተከራይተው ነበር። ቢሮው ውስጥ ስምሪት የምታወጣ በዲቪ የመጣች ፈጣን ልጅ አለች። ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ኮምፒውተር ተቀምጧል። የእያንዳንዱ ሕመምተኛ አድራሻ፣ የግቢው በር ኮድ፣ ማን በዊልቸር እንደሚሄድ፣ ማን በስንት ሰዓት እጥበቱ ላይ መገኘት እንዳለበት፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ቅጂው ደግሞ እዚያው ጎኑ በተሰካ ዲስክ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ውሃ ቢገባስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው በመጀመሪያው ቀን።

«ከየት ይገባል? እዚህ ወንዝ አለ?»

«ከላይ ጥፍር ቤት አለ። ቧንቧ አላቸው።»

«ሴቶቹ በሰላም ነው የሚሠሩት። ምን አደረጉሽ?»

«እሳትስ ቢነሳ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምን በደልኩሽ?» አሉና ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ ሟርተኛዋ ሆንኩ። ቢሮ ስገባ «ሟርተኛዋ መጣች፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታመጣብን ነው?» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ወንበር ይስቡልኛል።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ለቢሮው የሚቀረው የአማርኛው እቅድ ላይ ከእያንዳንዱ አደጋ በፊት «አያድርገውና» የሚል ቃል እንዲገባ ጠየቁኝ። አያድርገውና የምድር መንቀጥቀጥ ቢነሳ። አያድርገውና ቢሮው ቢዘረፍ። አያድርገውና ኮምፒውተሩ ውሃ ቢገባበት። ጽፌ እስክጨርስ እጄ ለምዶት ስለነበር ለሌላ ደንበኛ ስጽፍም ሁለት ቦታ አምልጦኝ ገብቷል። ለኢንሹራንሱ የሄደው የእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ግን የለም፤ የሚተካውን ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም።

ትልቁ ሥራ የቁልፉ ነገር ነበር። ከቢሮው ውጭ፣ በኢንተርኔት፣ ሩቅ ቦታ የሚቀመጥ ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጀሁላቸው። የሕሙማን መረጃ ስለሆነ በረጅም የይለፍ ቃል ይቆለፋል። የይለፍ ቃሉ የጠፋ እንደሆነ ቅጂው አለ ማለት የለም ማለት ነው፤ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው አንከፍተውም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በቃላቸው ይይዙታል። ሁለቱ ደግሞ አንድ አካባቢ መኖር የለባቸውም፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ኦክላንድን ነክቶ ጎረቤቷን አላሜዳን አይምርም። ይህን ሳስረዳ ሌላው ደንበኛ ሳክራሜንቶ ያለ ዘመዱን ይመርጣል። ጋሼ አዲስ አበባ ያሉትን ታላቅ ወንድማቸውን መረጡ።

«አዲስ አበባና ኦክላንድ በአንድ ቀን አይፈርሱም» አሉኝ። «ነው አይደለም?»

«ነው» አልኳቸው። እንዲያውም ከሰማኋቸው ምርጫዎች ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ቀንቼባቸው ለሌሎች ደንበኞቼም እመክረዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ረጅም ይሁን፣ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት ይሁን፣ የትም አይጻፍ ብዬ እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። የደንበኛዬን የይለፍ ቃል ማወቅ የለብኝም። ወንድማቸው ጋ ደውለው በሩን ዘጉ። ከውጭ ሆኜ የሁለት ሽማግሌዎች ሳቅ ብቻ ይሰማኛል፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ በስልኩ ውስጥ፤ አስተማሪ የወጣላቸው ተማሪዎች ነው የሚመስሉት። ሲጠሩኝ ጋሼ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። «ያደግንበትን መንገድ ነው ያደረግነው፣ ቤት በቤት፣ ከላይ እስከ ታች። ሰፈሩ አሁን ፈርሷል፤ ከእኔና ከእሱ ሌላ ቅደም ተከተሉን የሚያውቅ የለም» አሉ። ይህንንም ባይነግሩኝ ይሻል ነበር አልኳቸው። ሞከርነው፤ ከፈተ። ቆንጆ ሥራ ሠራሁ ብዬ ወደ ሳን ሆዜ ተመለስኩ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የጋሼ ባለቤት ደወሉልኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ወንድማቸው አረፉ። እሳቸው ገና አልሰሙም። ቅዳሜ ማለዳ ነው የምናረዳቸው፤ ልጃችን ከሲያትል ዓርብ ማታ ትገባለች። እስከዚያ ይህን ስልካቸውን ከቤቴ አውጪልኝ። ሰዉ ፎቷቸውን እየለጠፈ ነፍስ ይማር እያለ ነው፤ አንዴ ከከፈቱት አለቀልን። ደም ግፊታቸውን ታውቂያለሽ።»

አልተከራከርኳቸውም። እኔ የአባቴን መርዶ የሰማሁት በስልክ ነው፣ ሥራ ስሄድ፣ ባቡር ውስጥ ቆሜ። የአጎቴ ልጅ እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ነገረኝና መስመሩ ተቋረጠ፤ ከጎኔ የቆመ ሰው ቦርሳዬን አንስቶ ሰጠኝ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወረድኩ። ለማንም እንዲህ እንዲሆንበት አልመኝም።

በዚያው ቀን ሳን ሊያንድሮ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ጋሼን ከቢሮ ለማስቀረት ወገቤን አመመኝ ብለው ተኝተዋል። ጤነኛዋ አልጋ ላይ ናቸው፤ ሐዘን የመጣባቸው ሰውዬ ወጥ ቤት ቆመው አጥሚት ያማስላሉ። ስልካቸው ቫይረስ እንደገባበትና ወደ ሌላ ሰው ስልክ እየተላለፈ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጥያቄ ሳይጠይቁ አውጥተው ሰጡኝ።

«አንቺ ካልሽ ነው» አሉ። «ስልኬ ታሟል፣ ሚስቴ ታማለች፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ አሳሳቄን ባለቤታቸው ከመኝታ ቤት ሰምተው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል፤ አልወደዱትም።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ስምሪት የምታወጣው ልጅ ደወለች።

«ስንቴ ኮል አድርጌ አታነሺም እንዴ? ከላይ ፓይፑ ፈንድቶ ኦፊሱ ስዊሚንግ ፑል ሆኗል! ኮርኒሱ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የወደቀው፣ ሙሉው፣ ኦል ኦፍ ኢት!»

ፈቃድ ጠይቄ በመኪና ገሰገስኩ። ስደርስ ልጅቱ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ቆማለች፤ ምንጣፉ ላይ ከኮርኒሱ የወደቀው ነጭ ነገር እንደ ሊጥ ተበትኗል። ኮምፒውተሩን አነሳሁት፤ ከውስጡ ውሃ ፈሰሰ። ዲስኩንም አነሳሁት፤ ከእሱም ፈሰሰ። ልጅቱ ግን የጻፍኩትን እቅድ ከግድግዳው ነቅላ በእጇ ይዛለች። ከደንበኞቼ ውስጥ እቅዱን ከፍቶ ሲያነብ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት፤ በዚያ ሁሉ ውሃ መሃል ትንሽ ኩራት ተሰማኝ።

«አያድርገውና ኮምፒውተሩ ውሃ ቢገባበት» ብላ አነበበች። «አንደኛ፣ ለባለቤቱ ይደወል።» ስልኳን አውጥታ ደወለች። የእኔ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ።

ተያየን።

«ስልካቸው አንቺ ጋ ነው እንዴ?»

«ባለቤታቸው ናቸው ያዢልኝ ያሉኝ።»

«ኦኬ። እንግዲህ ሁለተኛ፣ እሳቸው ካልተገኙ ለሌላኛው ቁልፍ ያዥ ይደወል…» አለችና ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። እሷም ሰምታለች። ከጋሼ በቀር ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ቆሜ አሰብኩ። እሳቱን፣ ሌባውን፣ መንቀጥቀጡን አስቤ ሁለቱን ሰዎች ውቅያኖስ አሻግሬ አራርቄያቸው ነበር። አንድ ሞት አንደኛውን ወሰደው፤ የእኛ ወግ ደግሞ ሌላኛውን ቆለፈው። የወሰድኳቸው ኮርሶች ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። በእኔ ቦታ አሜሪካዊ ቢሆን ስልኩን አንስቶ ወንድምህ ሞቷል፣ አዝናለሁ፣ የይለፍ ቃሉን ንገረኝ ይለው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ግን እንደዚያ ያለ ሰው መሆን እንደማልፈልግ ገባኝ።

የሐሙሱ ስምሪት ረቡዕ ማታውኑ ለሾፌሮቹ ስልክ ስለተላከ የዚያን ቀን ሥራ አልቆመም። የዓርቡ ግን አልተላከም። ዓርብ የሚታጠቡት ሰዎች ዓርብ ካመለጣቸው እስከ ሰኞ ነው የሚቆዩት፤ ኩላሊት በሌለው ሰው ላይ ይህ ቀልድ አይደለም፣ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ልብ ይቆማል።

«አላሜዳ ያሉት ሴትዮ ባለፈው አንድ ቀን ሚስ አድርገው አምቡላንስ ነው የወሰዳቸው» አለችኝ ልጅቱ። «ሾፌሮቹ የድሮዎቹን ያውቃሉ። በዚህ ወር የገቡትን ማንም አያውቃቸውም። ክሊኒኮቹ ጋ ደወልኩ፤ አድራሻ በስልክ አንሰጥም፣ ፕራይቬሲ ነው አሉ።»

«ቁልፉን ከጋሼ ማምጣት አለብን እንግዲህ።»

«ከእኛ ማንም መሄድ አይችልም። ትናንት አንዱ ሾፌር የቫን ቁልፍ ሊሰጣቸው ሄዶ እንባ ሲመጣበት አለርጂ ነው ብሎ ሮጦ ወጣ።» ትንሽ አየችኝና «አንቺ ሂጂ። ፊትሽ ሁልጊዜም እንደተኮሳተረ ነው፤ አይለዩትም» አለች።

ስድብ ይሁን ሙገሳ ለመለየት ጊዜ አልነበረኝም። ለባለቤታቸው ደወልኩ። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። «ስለ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ነይ» አሉኝ በመጨረሻ። «ጥቁር ለብሰሽ እንዳትመጪ።» ጥቁር ሹራብ ነበር የለበስኩት፤ ልጅቱ የሾፌሮቹን ሰማያዊ ጃኬት ከላይ አስደረበችኝ።

ጋሼ በሩን ሲከፍቱ ፈገግ ብለው ነበር። ፊቴን ሲያዩ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። መንገድ ላይ ያጠናሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝና «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

እንዲህ ያለውን ነገር ለአንድ ሐበሻ ሽማግሌ ቆሞ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የታወቀኝ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። አልተቀመጡም። አንድ እጃቸው ግድግዳውን ፈለገ።

«ቢሮው ውሃ ገባበት» አልኩ እየተጣደፍኩ። «ከላይ ቧንቧ ፈንድቶ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፣ ዲስኩም ተበላሽቷል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«ሰው አልተጎዳም?»

«ማንም አልተጎዳም።»

ያን ጊዜ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየሳቁ ነው። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! አንቺ ልጅ ልትገዪኝ ነው እንዴ? ከሰሞኑ ሰው ሁሉ ይሸሸኛል። ሾፌሮቹ ዓይኔን አያዩም። ሚስቴ እንኳ ፊቷን አዙራ ነው የምትተኛው። ሰው የሞተብኝ መስሎኝ ነበር እኮ! ለካ ለኮምፒውተር ነው ይሄ ሁሉ! ደብቃችሁኝ ነው አይደል? ደም ግፊቱ ይነሳበታል ብላችሁ ነው!»

ቧንቧው የፈነዳው ያን ዕለት ጠዋት መሆኑን አልነገርኳቸውም። ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። «ይበላሽ!» አሉ። «ከፈለገ ይቃጠል! ኮምፒውተር ይገዛል።» አንጀቴን በሉት። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ደስታ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ዕድሜው እስከ ቅዳሜ ነበር።

ላፕቶፔን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ። ደንብ ብዬ ያወጣሁትን ሁሉ እያፈረስኩ እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን እየዘረጉ ከላይ ጀመሩ፤ ወፍጮ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ከሰል መሸጫው፣ ጠጅ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ድልድዩ። አስገባሁት፤ እምቢ አለ። ደግመን ሞከርን፤ እምቢ አለ። ጥቂት ጊዜ ከተሳሳትን ሥርዓቱ እስከ ማግስቱ እንደሚዘጋብን አስጠነቀቀ። ማግስቱ ደግሞ ዓርብ ነው።

«አንድ ቤት ጎድሏል» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ አንድ ቤት አለ። ጠፋኝ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን አስጨነቀን? ወንድሜ ያውቀዋል። ስልክሽን አምጪ።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እዚያ መሽቷል ጋሼ።»

«ለእኔ ያነሳል። ሌሊትም ቢሆን አንስቶልኝ ያውቃል።»

«ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለምን እንቀሰቅሳቸዋለን? ትንሽ ያስቡ።»

«እንዴ፣ ለዚህ አይደለም እንዴ ሁለት ሰው ይያዘው ያልሽው? እቅድሽ እንደዚያ አይደል የሚለው?»

እቅዴ በትክክል እንደዚያ ነው የሚለው። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በእሳቸው መሃል ተቀምጧል። ፈራሁ። ስልኩን ባነሳው እንደምሰጣቸው፣ ባላነሳው ደግሞ እንደሚጠይቁኝ አውቄያለሁ።

«ወገቤን!» የሚል ጩኸት ከመኝታ ቤት መጣ። «ኧረ ወገቤን! ኧረ ድረሱልኝ!»

ጋሼ ተነስተው ሮጡ። ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እዚያው ከእሳቸው ስልክ ጎን። ከውስጥ ትራስ ሲደላደል፣ ጋሼ ሲያባብሉ፣ ባለቤታቸው ሲያቃስቱ ይሰማኛል። ተዋናይ ሆነው ቢቀጠሩ ጥሩ ይከፈላቸው ነበር።

ሲመለሱ ባዶ የአጥሚት ሳህን ይዘው ቀስ ብለው እያፏጩ ነበር። ዘፈን አይደለም፤ አጭር፣ ሁለት ጊዜ ከፍ የሚል ፉጨት ነው። ሳሎኑ መሃል ሲደርሱ ቆሙ።

«ካራምቡላ ቤቱ!» አሉ። ሳህኑን አስቀመጡት። «ገብቼበት ስለማላውቅ ነው የጠፋኝ። እሱ ነበር ገብቶ የሚጫወተው። እኔ በር ላይ ቆሜ አባታችን ብቅ ሲሉ አፏጭለታለሁ፣ በጓሮ በር ይወጣል። አንድ ቀን የሚያልፍ ሙሽራ ሳይ ማፏጨቱን ረሳሁት፤ የበላው ዱላ! ጠባቂዬ እሱ ነበር ብሎ አልተናገረብኝም። እስከ ዛሬ አልተናገረብኝም።»

ካራምቡላ ቤቱን ከልብስ ሰፊው ቀጥዬ ጻፍኩት። ከፈተ። ስሞቹ፣ አድራሻዎቹ፣ የበር ኮዶቹ ተራ በተራ ስክሪኑ ላይ ወረዱ፤ የአላሜዳዋ ሴትዮም ከእነ ሦስተኛ ፎቃቸው አሉ። ደስ አለኝ። የሚያስደስት ቀን አልነበረም፤ ግን ደስ አለኝ፣ ሥራዬ ነው።

ጋሼ ስክሪኑን አይተው ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡ። «ቅዳሜ እደውልለታለሁ» አሉ። «ረስቼው እንደነበር ስነግረው መሳቂያ ነው የሚያደርገኝ። ስልኬን እስከዚያ ታደርሽልኛለሽ አይደል?»

«ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ» አልኩ። ባለቤታቸው እንዳመጣላቸው አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር ይህ እንኳ እውነት ነበር። ሳትበዪ አትወጪም ብለው ይዘውኝ ቆይተው ሩዝ በአትክልት አቀረቡልኝ፤ ጨው በዝቶበታል፣ ጨርሼ በላሁት።

የቀረው የተለመደ ሥራ ነው። ከአንድ ደንበኛዬ ኮምፒውተር ተውሼ ስምሪት የምታወጣው ልጅ ቤት፣ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተከልኩት። ቅጂው ወርዶ እስኪያልቅ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ስክሪኑ ላይ የሚሞላውን መስመር አያለሁ። ፀሐይ ሳትገባ የዓርቡ ስምሪት ሾፌሮቹ ስልክ ላይ ደረሰ። ዓርብ ሁሉም ሕመምተኞች ተወሰዱ፣ ሁሉም ተመለሱ። የአላሜዳዋ ሴትዮ ቫኑ ይበርዳል ብለው አቤቱታ አቀረቡ።

ቅዳሜ ማለዳ ሳን ሊያንድሮ መንገዳቸው ላይ መኪኖች ተደርድረው መብራታቸውን አጥፍተዋል። ሰዉ በሹክሹክታ እየተጠራራ ተሰበሰበ፤ ነጠላ የዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ቄስ፣ አምስት ስድስት ሽማግሌዎች፣ ሾፌሮቹ በሙሉ፣ ሌሊቱን ያልተኛች ልጃቸው። ማንም ስለ ኮምፒውተሩ አልጠየቀኝም፤ ሊጠይቁኝም አይገባም። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ የአጥሩ በር ጋ፣ ስልካቸውን በጃኬት ኪሴ ይዤ ቆምኩ። ባለቤታቸው ከውስጥ መብራት አበሩ። አንዱ ሽማግሌ በሩን አንኳኩ።

ጋሼ በሹራብና በነጠላ ጫማ ሆነው ከፈቱ። የቄሱን መስቀል አዩት። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሲያትል መሆን የነበረባትን ልጃቸውን አዩ። ማንም አልተናገረም፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገብተው እንዲቀመጡ ነው የሚጠበቀው። ዓይናቸው ግን በሰዉ ትከሻ ላይ አልፎ የአንድ ሰው ፊት የሚፈልግ መሰለኝ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺ» አሉኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንደገና ውሃ ገባ አይደል?»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልካቸውን ጨበጥኩት። ልጃቸው ቀርባ ክንዳቸውን ያዘች፣ ቄሱም «ይግቡ፣ እንግባ» አሉ። ጋሼ አልተነቃነቁም።

«ኮምፒውተሩ ነው በይኝ» አሉ።